ከሐርጌሳ ወደ አንበሳ እጅ ተራራ

ሰው የዕረፍት ጊዜውን የት ያሳልፍ ቢባል መልሱ እንደየጠባዩ ይለያያል። አንዱ ወደ ተወለደበት ቀዬ፣ ሌላው ወደ ፍል ውኃ፣ ሌላውም ወደ ሐይቅ ዳር ይሄዳል። እኛ ግን፣ እኛ ማለትም አባትና እናት፣ የዐሥር ዓመት ሴት ልጃችንና የስድስት ዓመት ወንድሟ፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ያገኘናቸውን ጥቂት የዕረፍት ቀናት ይዘን ከጅጅጋ ወደ ሐርጌሳ ተጓዝን። አሳባችንም በሐርጌሳ መኪና ተከራይተን፣ ራሳችን እየነዳን፣ ድንኳን ጭነን ወደ ጎሊስ ተራሮች ለመውጣትና በዚያ የቀሩትን የዱር እንስሳት በዐይናችን ለማየት ነበር።

ይህን የሰሙ ወዳጆቻችን ነገሩን አልወደዱልንም። «እንስሳ ለማየት ከሆነ አዋሽ አለ፤ ባሌ አለ፤ ነጭ ሣር አለ። ምን ጠፍቶ ነው ሕፃናት ይዞ እስከዚያ ድረስ መንከራተት?» አሉን። ነገራቸው እውነት ነበር። ነገር ግን ልጃችን አንድ ቀን ካርታ ዘርግታ ስትመለከት ከሐርጌሳ በስተ ሰሜን ምሥራቅ «ጋዓን ሊባሕ» የሚል የተራራ ስም አግኝታ ትርጓሜውን ጠየቀችን። እኛም የሶማሌ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባችንን ጠይቀን የአንበሳ እጅ ማለት እንደ ሆነ በነገርናት ጊዜ፣ «እንግዲያውስ አንበሳ አለ» ብላ ደመደመች። በዚያ ተራራ ዛሬ አንበሳ እንደሌለ ብንነግራትም ልታምን አልወደደችም። የጉዞው ምክንያት ይህ ነው።

ከጅጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ኬላ 70 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያም እስከ ሐርጌሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስፍራ አንድ ቃል ብንፈታ ለአንባቢ ሳይጠቅም አይቀርም። ቶግ በሶማሊኛ ዝናም ሲዘንብ ጎርፍ የሚወርድበት፣ በበጋ ግን ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚቀር ወንዝ ነው። እኛ በአማርኛ ቶጎ ውጫሌ የምንለው ከተማ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በኋላም በተራራው ሥር መኪናችንን ደጋግሞ የያዘብን እንዲህ ያለው ቶግ ስለ ሆነ፣ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከአካፋ ተምረነዋል።

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፣ አየሯ የሚስማማ ከተማ ናት። የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ስትሆን፣ አገሪቱ እስከ ሰኔ 1952 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ኖራ ከዚያ ከደቡቡ ክፍል ጋር ተዋሕዳ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከውሕደቱ መውጣቷን አውጃ የራሷን አስተዳደር ይዛለች። በከተማው መካከል በድንጋይ መቀመጫ ላይ የተተከለ አንድ ሚግ የጦር አውሮፕላን አለ፤ ይኸውም በ1980 ዓ.ም. ከከተማይቱ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ከተማይቱን የደበደቡት አውሮፕላኖች መታሰቢያ ነው። ከዚህ ሐውልት ብዙም ሳይርቅ ገንዘብ መንዛሪዎች የወረቀት ብር እንደ ጡብ ቆልለው ተቀምጠዋል። ወንዱ ልጃችን ይህን አይቶ የዓለም ሀብታሞች ሁሉ የተሰበሰቡበት አገር መስሎት ነበር። አንድ ዶላር ስንመነዝር ኪሳችን ሞላ፤ ሁለተኛውን ግን ሳንመነዝር ቀረን፤ አብዛኛው ሰው ሒሳቡን የሚከፍለው በስልክ ነውና።

የተከራየነው መኪና ከጃፓን የመጣ አሮጌ ቶዮታ ነበር። በዚያ አገር መኪና የሚነዳው እንደ እኛው በመንገዱ ቀኝ ሲሆን፣ የመኪኖቹ አብዛኞቹ መሪ ግን ያለው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ከፊት ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም የሚፈልግ ነጂ የሚመጣውን አያይም። የሚያየው በግራ የተቀመጠው ሰው ነው። አባት መሪ ይዞ፣ እናት በግራ ተቀምጣ፣ «ጠብቅ» ስትል ጠብቀን፣ «እለፍ» ስትል አልፈን ሄድን። ከጋብቻችን ወዲህ ይህን ያህል ያለ ክርክር የተጓዝንበት መንገድ የለም።

የውጭ አገር ሰው ከከተማ ወጥቶ በዱር ሲያድር ፖሊስ ጠባቂ ይዞ መሄድ በዚያ የተለመደ ስለ ሆነ፣ አንድ ዐሥር አለቃ ከነጠብመንጃው ከኋላ ከልጆቹ ጋር ተሳፈረ። መጀመሪያ ልጆቹ ፈርተውት ነበር። እርሱ ግን ጥቂት እንደ ሄድን፣ «አይዟችሁ፤ እኔም ልጅ ሆኜ እንደናንተ አማርኛ እናገር ነበር» አላቸው። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ወላጆቹ አዝለውት ወደ ኢትዮጵያ ተሰድደው በሐርተ ሼክ የስደተኞች ሰፈር አድጓል። ሐርተ ሼክ እስከ 1996 ዓ.ም. የቆየ፣ በአንድ ወቅት ከዓለም የስደተኛ ሰፈሮች ሁሉ በብዛቱ የታወቀ ነበር። የዐሥር አለቃው አማርኛ አንዳንድ ቦታ ቢቀዳደድም የልብን ለመናገር የሚበቃ ነበር። እኛም ትግርኛ አፋችንን የፈታንበት፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የለመድን ስለ ሆንን፣ ሰው በተማረው ቋንቋ ሲቸገር እናውቃለንና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተግባባን።

ወደ በርበራ የሚወስደው መንገድ ጥሩ አስፋልት ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ዐሥር አለቃው ለሶላት ወደ አንድ ትንሽ መስጊድ ገባ፤ እኛም አጠገቡ ባለው ሻይ ቤት ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ ነበር ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ በእቅፉ ትንሽ ግልገል ይዞ የቀረበን። የፍየል ግልገል አይደለችም፤ የዱር ናት። ሶማሌዎች ዴሮ የሚሏት፣ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ በእንግሊዛዊው ተጓዥ በስፒክ ስም የምትጠራ የሜዳ ፍየል ናት። ስፒክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1855 ዓ.ም. በበርበራ በጦር ቆስሎ ያመለጠ ሰው ነው። የዚህች እንስሳ ልዩ ምልክት በአፍንጫዋ ላይ ያለው የተሸበሸበ ቆዳ ነው፤ ስትደነግጥ ያን ቆዳ እንደ ፊኛ ነፍታ እንደ ጡሩምባ ያለ ድምፅ ታሰማለች። በዓለም ላይ ከሶማሌዎች ምድር በቀር ብዙም የማትገኝ፣ ቁጥሯም እየተመናመነ ያለ እንስሳ ናት። ይህን ሁሉ የምናውቀው ዛሬ ነው። በዚያች ሰዓት ያየነው ገና እምብርቷ ያልደረቀ፣ እግሮቿ በገመድ የታሰሩ፣ ዐይኗ ከፊቷ የሚበልጥ አንዲት ግልገል ብቻ ነበር።

ልጃችን አንድ ቃል አልተናገረችም። ተነሥታ ገመዱን መፍታት ጀመረች።

እናት «አይሆንም» አለች። አባት ግን፣ «ብንተዋት እስከ ማታ ትሞታለች፤ ብንገዛት እናድናታለን» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ለጊዜው አሳማኝ መሰለ። 20 ዶላር ተከፈለና ግልገሏ በልጃችን ጭን ላይ ተቀመጠች። ዐሥር አለቃው ከጸሎት ተመልሶ ባየ ጊዜ ምንም አልተቈጣም። ዋጋውን ጠየቀን፤ ነገርነው። ጠብመንጃውን በጉልበቱ መካከል አስቀምጦ ወደ ውጭ እየተመለከተ፣ «ነገ ልጁ ሁለት ይዞ ይቆማል» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ላስ ጌል ድረስ በመኪናው ውስጥ ብዙ ወሬ አልነበረም።

ላስ ጌል ማለት የግመሎች ውኃ ማለት ነው። ከሐርጌሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሁለት ቶጎች በሚገናኙበት ቦታ ላይ የቆመ የድንጋይ ኮረብታ ሲሆን፣ ከ5,000 ዓመት በፊት ገደማ የተሣሉ ሥዕሎች በዋሻዎቹ ጣሪያ ላይ ይገኛሉ። የአካባቢው እረኞች ቦታውን ጥንቱንም ያውቁት ነበር፤ ለዓለም የታወቀው ግን አንድ የፈረንሳይ የአርኬዎሎጂ ቡድን በ1995 ዓ.ም. መጀመሪያ (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 መጨረሻ) ካየው በኋላ ነው። ላሞቹ ቀንዳቸው እንደ በገና የተጠማዘዘ፣ አንገታቸው በነጭና በቀይ ሽልማት ያጌጠ ሲሆን፣ እጁን ዘርግቶ በላሚቱ ሥር የቆመው ሰው የሚጸልይ ይመስላል። ቀለሙ ትናንት የተቀባ ነው ቢሉ የሚያምን ይገኛል። ከላሞቹ መካከል አንዲት ቀጭኔም አለች። ወንዱ ልጃችን ቀጭኔዋን አይቶ፣ «እርሷስ የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀ። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ ቀጭኔ የለም። ሣሩም የለም። አየሩ ርጥብ በነበረበት ዘመን ሥዕሉን የሣለው ሰው ያየውን ሣለ፤ እኛ የምናየው ግን ድንጋይና እሾህ ነው።

ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ወደ ምሥራቅ ስንዞር የመኪናው ጉዞ ወደ በቅሎ ጉዞ ተለወጠ። በሦስት ቶጎች ውስጥ አሸዋ ያዘን። የጎማውን ነፋስ ቀንሰን፣ ድንጋይ አንጥፈን፣ ገፍተን ወጣን። በመንገዱ ዳር ጋሎል የሚሉት የግራር ዐይነት ጉቶው ብቻ የቀረበት ስፍራ ብዙ ነው። የከሰል ጆንያዎችም ተደርድረው የጭነት መኪና ይጠብቃሉ። ሐርጌሳ ከከሰል በቀር የምታበስልበት ነገር ጥቂት ስለ ሆነ፣ የከተማይቱ ምሳ ከዚህ ዛፍ ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። እኛም በሻይ ቤቱ የጠጣነው ሻይ በዚሁ ከሰል የፈላ ነበርና ማንንም ለመውቀስ አልደፈርንም።

ተራራው ጫፍ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከፍታው ወደ 1,700 ሜትር ይደርሳል። በስተ ሰሜን በኩል ምድሩ በድንገት ገደል ሆኖ ይወድቃል፤ ከሥሩም ጉባን የሚባለው የባሕር ዳር ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። ጉባን ማለት የተቃጠለ ማለት ነው፤ ለቀለሙም ለሙቀቱም የሚገባ ስም ነው። ከላይ ግን ጥድና ወይራ አለ! በትግርኛ ጽሕዲና አውሊዕ የምንላቸውን እነዚህን ሁለት ዛፎች በሶማሌ ምድር ጎን ለጎን ቆመው ስናይ የደገኛ ልብ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሆኖም ከጥዶቹ ብዙዎቹ ደርቀው እንደ ቆሙ ናቸው። ይህ ቦታ በእንግሊዞች ዘመን የተከለለ ደን ነበር። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ጠባቂው ሁሉ ተበትኖ እንጨቱም ሣሩም ባለቤት አጣ። ከዚያ በኋላ መቀመጫው በሐርጌሳ የሆነ ካንድልላይት የተባለ የአገሬው በጎ አድራጎት ድርጅት የግጦሹን መሬት ለማዳን ከነዋሪው ጋር ሠርቷል። ከባሕር የሚወጣው ጉም ሌሊት ሌሊት እየመጣ የቀሩትን ዛፎች ያርሳቸዋል።

ድንኳናችንን ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ተከልን። ሌሊቱ ከጠበቅነው በላይ ቀዝቃዛ ነበር። ስለ ጅብ ጩኸት፣ ስለ ከዋክብቱ ብዛት፣ ስለ ነፋሱም ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት ከዋክብትን የተመለከተ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ግልገሏ የዱቄት ወተት አልጠጣም አለች። በጨርቅ ነክረን ወደ አፏ ብናደርስ ጥርሷን ትገጥማለች። በጣት ብንሞክርም እንዲሁ። እኩለ ሌሊት ሲሆን አንገቷን ማንሣት አቃታት። ልጃችን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛት፣ እያለቀሰች ሳይሆን እየተቈጣች፣ «ልናድናት ነው የገዛናት ብላችኋል» እያለች ስትደጋግም አደረች። ምን መልስ እንሰጣት ነበር?

ጎሕ ሲቀድ ዐሥር አለቃው ከድንኳኑ ውጭ ተጣራ። አንዲት አሮጊት ሴት ሠላሳ የሚሆኑ ፍየሎች እየነዱ መጥተው ነበር። ቤታቸው በግመል ተጭኖ የሚሄድ፣ ከምንጣፍና ከተጠማዘዘ እንጨት የሚሠራው አቃል የሚባለው ሲሆን፣ ከእኛ ድንኳን በታች ሌሊቱን ያላየነው ጎረቤታችን ነበሩ። ዐሥር አለቃው ኤዶ ይላቸዋል፤ አክስት ማለት ነው። እኛም እንዲሁ አልናቸው። ግልገሏን ተቀብለው አፏን ከፍተው አዩ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ከመንጋው መካከል አንዲት ጥቁር ፍየል ለይተው ያዙ። የዚህች ፍየል ልጅ ከሦስት ቀን በፊት ሞቶባት ነበር። ከፍየሏ ጡት ጥቂት አልበው በግልገሏ ጀርባና በራሷ ላይ ቀቡ፤ የራስ መሸፈኛቸውንም አውልቀው የፍየሏን ዐይን ጋረዱ። ከዚያም ግልገሏን ከሥር አስገቡ። ፍየሏ ሁለት ጊዜ ረገጠቻት። በሦስተኛው ቆመች። ግልገሏም ጠባች።

እናት በዚያች ሰዓት ለኤዶ ቡና ለማፍላት ተነሣች። ሲኒው በእጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቡናው እየተጠጣ ወሬ ተነሣ። ልጃችን አንበሳ እንዳለ እንድንጠይቅላት ፈለገች። ኤዶ ሳቁ። አባታቸው በወጣትነቱ ድምፁን ሰምቶ እንደ ነበር፣ እርሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ሸቤል የሚሉት ነብር ግን አለ፤ በዚያ ዓመት ብቻ ሰባት ፍየል ወስዶባቸዋል። በቆላው ያሉ ዘመዶቻቸውንም ሐሪምዓድ የሚሉት አቦሸማኔ ያስቸግራቸዋል። ልጃችን ይህን ሰምታ፣ «የአቦሸማኔ ልጆች ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ?» አለች። ኤዶ መለሱ። ዐሥር አለቃው ግን ዝም አለ እንጂ አልተረጎመም። እንዲተረጉምልን በጠየቅነው ጊዜ፣ «እሸጣቸዋለሁ ነው የሚሉት» አለን። «በሕግ ያስቀጣል ብያቸዋለሁ። እርሳቸውም የበላብኝን ሰባት ፍየል ሕጉ ከፍሎኝ ያውቃል ወይ አሉኝ።»

ለዚህ ጥያቄ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሊሰጥ የሚችለውን መልስ ሁሉ እናውቀዋለን። በዚያች ወይራ ሥር ግን አንዱም ትዝ አላለንም።

በተራራው ሁለት ቀን ቆየን። የታየው ይህ ነው፦ ዝንጀሮ በመንጋ፤ በየቁጥቋጦው ሥር ጥንድ ጥንድ ሆና የምትሮጥ እንሹ፤ በገደሉ ላይ ሰስ። ሰስ ማለት በጥፍሯ ጫፍ ቆማ እንደ ኳስ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ የምትዘል ትንሽ የገደል እንስሳ ናት። በሁለተኛው ቀን ማታ ቀንዱ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ አንድ ወንድ አጋዘን ከሸለቆው ወጥቶ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በሚያደርስ ጊዜ ያህል ተመለከተንና ተመለሰ። አባት ደግሞ ቤይራ የሚባለውን፣ ጆሮው ሰፊ፣ በጎኑ ጥቁር መሥመር ያለበትን፣ በሶማሌላንድና በጂቡቲ ድንጋያማ ኮረብታዎች የሚኖረውን ብርቅ እንስሳ አየሁ ይላል። እናት ሰስ ነው ትላለች። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተወሰነም።

ያልታየውንም መናገር ይገባል። ስዌይን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በዚህ አገር ስላደረጋቸው 17 ጉዞዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትሟል። ከሐርጌሳ በስተ ደቡብ ባለው የሣር ሜዳ ላይ ቆርኬ በብዙ መቶ እየሆነ በመንጋ ሲግጥ አየ፤ ስለዚህም ይህ የቆርኬ ዐይነት በዓለም ዘንድ የስዌይን ቆርኬ ተብሎ በስሙ ተጠራ። ከዚያ በኋላ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ መጣ። ይህ በሽታ በእኛም አገር ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱን ፈጅቶ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩትን ረኃብ ያመጣው ነው። ከበሽታው የተረፈውን ቆርኬ ጥይት ጨረሰው። ዛሬ በሶማሌ ምድር አንድ እንኳ የለም። በዓለም ላይ የቀረው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ ከመጠለያዎቹ አንዱ የሰንቀሌው ነው። ልጃችን ይህን ስትሰማ፣ «እንግዲህ አንበሳው የሚበላውን ሲያጣ ሄደ» አለች። እጁን ብቻ ትቶ ማለቷ ነው።

በመጨረሻው ጧት ግልገሏ ከጥቁሯ ፍየል ኋላ እየተከተለች ትሄድ ነበር። ወደ መኪናው ለመውሰድ ያሰበ ሰው አልነበረም። ኤዶ ለወተቱ ገንዘብ አንቀበልም አሉ፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል ግን ተቀበሉን። ልጃችን ተሰናብታ ስትመለስ አላለቀሰችም። አባት ግን መነጽሩን ደጋግሞ ይጠርግ ነበር፤ አቧራው ብዙ ነው።

ወደ ሐርጌሳ ከተመለስን በኋላ አስቀድመን ፈቃድ ወዳገኘንበት ወደ ጌድ ዴብሌ ሄድን። ይህ ስፍራ ከከተማው በስተ ሰሜን የሚገኝ፣ ሐርጌሳ የምትጠጣው ውኃ የሚወጣበት አገር ነው። ዶክተር ሎሪ ማርከር የተባሉ አሜሪካዊት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. በናሚቢያ ያቋቋሙት የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከሶማሌላንድ የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋር በመተባበር በዚያ ማዕከል አለው። ከነጋዴ እጅ የተያዙት ግልገሎች ቀድሞ በከተማው ግቢዎች ይጠበቁ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ገደማ ግን ወደዚህ ሰፊ ቦታ ተዛወሩ። ቁጥራቸው ከ80 በላይ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሌላንድና ከሰሜን ኬንያ እየተለቀሙ በጀልባ የአደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለባለጸጎች መጫወቻ ሊሆኑ የነበሩ ናቸው። በዓለም ዱር ውስጥ የቀረው አቦሸማኔ ወደ 7,000 ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ንግድ በዓመት እስከ 300 ግልገል ከአፍሪቃ ቀንድ እንደሚወጣ ይገመታል። በ2010 ዓ.ም. የሐርጌሳ ፍርድ ቤት ሁለት ነጋዴዎችን በሦስት ዓመት እሥራት ቀጥቷል።

የወጡት ወደ ዱር አይመለሱም። የአቦሸማኔ ግልገል አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከእናቱ ጋር ኖሮ አደን ይማራል፤ ያን ያላስተማሩት ሰው የሚያበላው እስረኛ ሆኖ ዕድሜውን ይጨርሳል። በአጥሩ ማዶ ያየናቸው እንዲህ ያሉ ነበሩ። ከዐይናቸው እስከ አፋቸው የወረደው ጥቁር መሥመር የእንባ መንገድ ይመስላል። ወንዱ ልጃችን አንዱን በፉጨት ቢጠራው ዞር ብሎ አየው፤ ሰው ለምዷል።

እናት ጠባቂውን፣ «ነጋዴዎቹ እጅ ያሉትን ገዝታችሁ ብታድኗቸውስ?» ብላ ጠየቀችው። ለምን እንደ ጠየቀች ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጠባቂውም ትሕትና ባለው አነጋገር፣ አንዲት ሳንቲም እንኳ እንደማይከፍሉ፣ አንድ ሰው ለማዳን ብሎ የከፈለው ዋጋ በማግሥቱ ሌላ እናት ከጉድጓዷ እንደሚያስፈታ አስረዳ። አባት ስለ አጥሩ ቁመት ሊጠይቅ ሲጀምር ልጃችን አቋረጠችው።

«እኛም ገዝተናል» አለች። «ዴሮ። 20 ዶላር።»

ጠባቂው እኛን አላየንም። ወደ እርሷ ጎንበስ ብሎ የግልገሏን ዕድሜ፣ ማን ጋር እንዳለች፣ ምን እንደምትጠባ አንድ በአንድ ጠየቃት። እርሷም የጥቁሯን ፍየል ነገር እስከ መጨረሻው ነገረችው። «አሮጊቷ ከእናንተም ከእኛም ይበልጣሉ» አላት።

ወደ ቶጎ ውጫሌ ስንመለስ ዐሥር አለቃው እስከ ከተማው ዳር ሸኘን። የስልክ ቁጥርም ተለዋወጥን። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ትርፍ ጎማ ሁለት፣ አካፋ፣ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ሊትር ውኃ፣ ወፍራም ብርድ ልብስም ይያዝ፤ የጉባንን ሙቀት ለመሸሽ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። በሻይ ቤቶቹ ደጅ ግልገል ይዞ የሚቀርበውን ልጅ በተመለከተ ያደረግነውን ከዚህ በላይ ጽፈናል።

በሚያዝያ ወር ጉ የሚሉት ዝናም ከጣለ በኋላ ዐሥር አለቃው ደወለ። በሥራ ጉዳይ ወደ ተራራው ወጥቶ ኤዶን አግኝቷቸዋል። ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለዋል። ዴሮይቱ እስከ ዝናሙ ድረስ ከፍየሎቹ ጋር ስትወጣና ስትገባ ቆይታ አንድ ማታ ሳትመለስ ቀርታለች። ኤዶ ወደ ወገኖቿ ሄዳ እንደ ሆነ ወይም ነብር አግኝቷት እንደ ሆነ አያውቁም። ጥቁሯ ፍየል ግን ሁለት ቀን በአቃሉ ደጅ ቆማ ጠርታለች።

«ለልጅቷ ምን እንበላት?» አልነው።

«ይህንኑ» አለ።

ያን ቀን ማታ ነገርናት። ካርታዋን አውጥታ በጋዓን ሊባሕ አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አደረገችና መልሳ አጠፈችው።